ውሃ አድማጩ ይታየው

መካነ ኢየሱስ ውስጥ ቧንቧው የተበላሸበት ሰው ሁሉ ይታየውን ያውቀዋል። ቧንቧው ደህና የሆነለት ግን በመንገድ ሲያልፍ እንኳ ልብ አይለውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጂራቱቦውን፣ ያንን ቧንቧ ነክሶ የሚያዞረውን ትልቅ መፍቻ፣ በትከሻው ጣል አድርጎ በመንገዱ ዳር ዳር ይሄዳል። ሰላም ሲሉት ዘግይቶ ነው የሚመልስ፤ ከሩቅ ቦታ እንደተጠራ ሰው ትንሽ ደንገጥ ይልና ፈገግ ይላል።

«ምን እያሰብህ ነው?» ሲሉት፣

«ኧረ ምንም፤ እየሰማሁ ነው» ይላል።

የተወለደው ጋይንት ነው፤ ከቤተ ልሔም ብዙም በማይርቅ የገብስ አገር። አባቱ ልጃቸው መሪጌታ ሆኖ ማየት ሕልማቸው ነበርና፣ ዳዊት እንደ ደገመ ወስደው ለድጓ መምህሩ ለየኔታ መሐሪ ሰጡት። በዚያ አገር ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ጎጆዎቹን ይሸፍናቸዋል። ተማሪዎቹ አይታዩም፤ ዜማቸው ብቻ ከነጩ ጉም ውስጥ ይወጣል። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ። ይታየው በዚያ ጉም መሐል ተቀምጦ ማን የትኛውን ምልክት እንደሳተ ፊቱን ሳያይ ያውቅ ነበር። የኔታ አንዳንዴ ጆሯቸው ሲደክም «ይታየው፣ አሁን የዘለለው ማነው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ይነግራቸዋል።

ክፋቱ፣ ራሱ ማዜም አልቻለም። የሰማውን ሁሉ በልቡ ያዜመዋል፤ አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ዓመት ጠበቁት። ጎረምሳ ሆኖ ድምፁ ሲወፍር ይስተካከል ይሆናል ብለው ደግሞ ጠበቁት። ሲወፍር ጭራሽ ባሰበት።

አንድ ቀን የኔታ ብቻውን ጠሩትና ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ጆሮውን ሰጥቶህ ጉሮሮውን ነሳህ። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። እዚህ ብትቆይ ትበሳጫለህ እንጂ አትጠቀምም። ጆሮህን ይዘህ ሂድ፤ የሚሰማ ነገር አታጣም።»

እጃቸውን ስሞ ወጣ። አባቱ ፊት መቆም አፈረና ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እስቴ መካነ ኢየሱስ የምትኖር አሰለፈች የምትባል አክስት ነበረችው፤ እሷ ዘንድ ሄደ። አሰለፈች ምንም አልጠየቀችውም። ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው፣ አበላችው፣ አስተኛችው። እሱም በሕልሙና በውኑ መካከል ሆኖ የተማሪዎቹን ዜማ እየሰማ ብዙ ተኛ።

በዚያ ዘመን በከተማው የውሃ መስመር ይዘረጋ ነበርና፣ ይታየው ቦይ ቆፋሪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራውን የሚመሩት ጋሽ ሰዲቅ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ የከተማው አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሱሪያቸውን እስከ ባታቸው ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ከወጣቶቹ ጋር ይወርዳሉ። አንድ ቀን ከገበያው በላይ አንድ ቦታ መሬት ውስጥ ውሃ ይጠፋ ጀመር። በዚህ በኩል ይገባል፤ በዚያ በኩል አይደርስም። ላይ ላዩ ደረቅ ነው፤ የረጠበ አፈር የለም። መንገዱን ሁሉ መቆፈር ደግሞ አይቻልም።

ጋሽ ሰዲቅ ረጅም ብረት አስመጡና መሬት ውስጥ እስከ ቧንቧው ድረስ ሰደዱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጫፉ ላይ አደረጉ። ቆዩ። ቀና ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አረጀሁ መሰል» አሉ። «እስቲ ደህና ጆሮ ያለው ይምጣ።»

ወጣቶቹ እየተሳሳቁ ተራ በተራ ጆሯቸውን አስጠጉ። ማንም ምንም አልሰማም። ይታየው መጨረሻ መጣ። ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ የሰማው የራሱን ደም ነበር። ቀጥሎ በገበያው የሚያልፍ በቅሎ ኮቴ፣ የሰው እግር፣ የሚጫን እህል። እነዚህን አንድ በአንድ ወደ ጎን እያደረገ ወደ ታች ወረደ። ከሁሉ በታች፣ ጭልጥ ካለው ጨለማ ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ሹክሹክታ አገኘ። ያን ጊዜ መሬት ላይ መሆኑን ረሳው። የቤተ ልሔም ጉም ውስጥ ተቀምጦ አንድ የሳተ ተማሪ የሚፈልግ መሰለው።

ብረቱን ነቅሎ ወደ ታች ሄደ፤ ሰካው፣ አዳመጠ። ነቀለ፤ ሰካ፣ አዳመጠ። አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ነው» አለ። «እዚህ ነው የሳተው።»

ቆፈሩ። ውሃው ከተሰነጠቀው ቧንቧ ዘሎ የሁሉንም ፊት አጠበው። ሰዉ ሲሳሳቅ ጋሽ ሰዲቅ ውሃውን ትተው እሱን ያዩት ነበር።

«ከወዴት ነህ አንተ?»

«ከጋይንት ነኝ። ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ድምፅ የለኝም።»

ጋሽ ሰዲቅ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። «አይዞህ፤ በእኛ ሥራ የሚያዜመው ውሃው ነው። አንተ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ!» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጠገባቸው አልተለየም። የቧንቧ ጥርስ ማውጣት፣ በጥርሱ ላይ ቃጫ መጠምጠም፣ መታጠፊያውን ሳያስጨንቁ ማጥበቅ ተማረ። መታጠፊያውን «ጎሚቶ» ይሉታል፤ ጥርሱን «ፊሌቶ»። ይታየው እነዚህን ቃላት እንደ ግዕዝ በቃሉ ይይዛቸው ነበር፤ ትርጉማቸውን ሳያውቅ፣ ድምፃቸውን ወዶ።

አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ተጠልለው ሳሉ ጋሽ ሰዲቅ «ይኼ ሙያ ከወዴት እንደመጣ ታውቃለህ?» አሉት።

«ከጣሊያን አይደል? ስሙ ሁሉ የጣሊያን ነው።»

«ስሙ ነው የጣሊያን። እኔን ያስተማረኝ ሰው ጎንደር ውስጥ በወረራው ጊዜ ለጣሊያኖች ቧንቧ ይሸከም ነበር። ቋንቋቸውን አያውቅም። ክርናቸውን እያሳዩ ‹ጎሚቶ› ሲሉት ጎሚቶውን ያቀብላል። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ እሱ ቃሉንም ሥራውንም ይዞ ቀረ። እኔ ከእሱ ወሰድኩ፤ አንተ ከእኔ ወሰድክ። ግን ከዚያ በፊትስ? እዚያው ጎንደር የፋሲል መዋኛን አላየህም? ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየመጣ ነው የሚሞላው። ንጉሡ ግንቡን አሠሩ፤ ስማቸው ቀረ። ያንን ውሃ ከወንዙ ለይቶ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ መርቶ ያመጣው ማነው? እንጃ! ስሙ የለም። የእኛ ሰው እሱ ነው።»

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር። ይታየው ያንን ስም የለሽ ሰው በዓይነ ልቦናው አየው፤ በቦይ ዳር ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ልክ እንደ እሱ የሚያዳምጥ። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ብቻውን ሲሆን ብቻውን የሆነ አይመስለውም ነበር።

ጋሽ ሰዲቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፉ። ይታየው ቃሬዛቸውን ከልጆቻቸው ጋር እየተቀባበለ ተሸከመ። ጂራቱቧቸው ለእሱ ይሰጥ ብለው ተናግረው ነበርና ልጃቸው ሪሃና በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እቤቱ ድረስ አመጣችለት። እሱ በቆመበት አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች።

አሁን የምነግራችሁ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወደ ቆላው የሚያቆለቁል አንድ ቀበሌ አለ። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ውሃ አልነበረውም። ልትወልድ የምትመጣ ሴት ዘመዶቿ ጀሪካን ተሸክመው ይከተሏታል፤ ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ አንዱ ቁልቁል ወደ ወንዝ ይሮጣል። ከጤና ጣቢያው በላይ ግን፣ በዳገቱ ወገብ ላይ፣ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ ነበር። የደምሌ ምንጭ ይሉታል። ደምሌ የሚባሉ ገበሬ በጎልማሳነታቸው ከአለቱ ሥር ረጠብ ያለ ነገር አይተው፣ በዶማ እየፈለፈሉ ያወጡት ነው። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ባለቤታቸው እማማ ዘነበች ከምንጩ አጠገብ ባለችው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ።

የአገሩ ሰው ምንጩን አጎልብቶ ውሃውን በቧንቧ ወደ ጤና ጣቢያው ለማውረድ ተስማማ፤ ይታየውንም አስጠሩት። ሲደርስ ግን ሽማግሌዎቹ በእማማ ዘነበች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«እሺ ብለዋል እኮ» አለው አንዱ ሽማግሌ፣ ግራ በተጋባ ድምፅ። «እሺ ብለዋል፤ ግን የሚሉት አልገባንም።»

እማማ ዘነበች ወደ ይታየው ዞሩ። ትንሽ፣ ቀይ፣ ዓይናቸው ብሩህ የሆነ ሴት ናቸው።

«ቧንቧው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ውሃውን ውሰዱ። ውሃ የእግዜር ነው፤ የሚወልዱት ሴቶችም ልጆቼ ናቸው። ድምፁን ግን አትውሰዱብኝ።»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። አንዱ ሳቁን ዋጠ። ይታየው ግን ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«የምንጩን ድምፅ ነው እማማ?»

«እንግዲህ የምን ሊሆን ነው! በእሱ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ደምሌ ከሞተ ወዲህ እቤቴ ውስጥ የሚያወራኝ ሌላ ማን አለ?»

ይታየው ተነስቶ ወደ ምንጩ ሄደ። ውሃው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ከለበሰ አለት ከንፈር ላይ ተንሸራቶ፣ ከሥሩ ወዳለ ጎድጓዳ ድንጋይ ይወርዳል። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። አንድ ድምፅ አልነበረም። ላይ ላዩ ሹክሹክታ አለ፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ጉርምርምታ፤ በሁለቱ መሐል ደግሞ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ተነጥሎ «ጡብ» ይላል፣ ጨዋታ ላይ «እሺ» እንደሚል ሰው። እውነትም የሚያወራ ይመስላል። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ቆየ፤ ሽማግሌዎቹ ትተውት ሄደዋል።

ሲመለስ «አልወስድብዎትም» አላቸው። እንዴት እንደሚያደርገው ግን አያውቅም ነበር።

አጨዳና ውቂያ አልቆ ስለነበር አገሬው በደቦ ወጣ። ወንዱ ቦይ ቆፈረ፤ ሴቱ አሸዋና ድንጋይ አቀረበ። ግንበኞቹ የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ከበው ክዳን አደረጉለት። ይታየው ቧንቧውን ከዳገቱ ወገብ እስከ ጤና ጣቢያው ግቢ እያያያዘ ወረደ። ከላይ አንድ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዲተዉለት ብቻ ለመናቸው።

ውሃው የተለቀቀ ቀን ሰዉ ሁሉ ጤና ጣቢያው ግቢ ተሰበሰበ። ሀና፣ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ ቧንቧውን ከፈተችው። ምንም የለም። ቀጥሎ አየር ወጣ፤ ቧንቧው ሳለ፣ ተነፈሰ፣ እንደገና ሳለ። ከዚያ ቀይ አፈር የቀላቀለ ውሃ ተፋ። ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሀና እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ታጥባ ከጨረሰች በኋላም እጇን ከውሃው ሥር ሳታወጣ፣ ቧንቧውን መዝጋት የረሳች ይመስል ቆማ ቀረች። ይታየው ሲያያት ደስ አለው። ቀና ብሎ ዳገቱን ሲያይ ግን እማማ ዘነበች በደጃፋቸው ቆመው ነበር። እልልታ አላሰሙም።

ሌሎቹ ሠራተኞች በመኪና ተመለሱ። እሱ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣና «እንዴት አደሩ እማማ?» አላቸው።

«አላደርኩም፤ ነጋብኝ እንጂ» አሉት። ቁጣ የለባቸውም። «ዝም አለ እኮ፣ ልጄ። ዝም።»

ይታየው ለትርፍ ውሃው በተተወው ቀዳዳ ቁራጭ ብረት ቧንቧ ሰካና ውሃው እንዲወርድ አደረገ። እማማ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼማ ሲጣላ ነው።»

ብረቱን አውጥቶ ፕላስቲክ አደረገ።

«ይኼ ደግሞ ላም ስትሸና ነው!» አሉና ሳይወዱ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

ያንን ጎድጓዳ ድንጋይ ሊፈልገው ሄደ። የለም። ግንበኞቹ ሳያውቁ በመዶሻ ፈልጠው ግንቡ ውስጥ አስገብተውታል፤ ስባሪው በሲሚንቶው መካከል ይታያል። ይታየው ብዙ ከቆመ በኋላ መጥቶ እውነቱን ነገራቸው።

ነፋሱ የገለባውን ክምር ያርገበግበዋል። እማማ ዘነበች ተነስተው ወደ ጓዳቸው ጀርባ መሩት። እዚያ፣ የዶሮ ላባ የለበሰ፣ በዕድሜ ብዛት መሐሉ የጎደጎደ አሮጌ ወፍጮ ነበር።

«መኪና ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ዶሮዋ ናት የምትተኛበት» አሉ። «ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ደምሌ ከወንዝ አምጥቶ የጠረበልኝ ነው። ውሰደው።»

ተሸክሞ አምጥቶ ከትርፍ ውሃው ቀዳዳ ሥር አስቀመጠው። ለውሃው ከንፈር እንዲሆን ደግሞ ቀርከሃ ሰነጠቀ፤ ከዳገቱ የድንጋይ ሽበት ከነአፈሩ አንስቶ ቀርከሃው ላይ አለበሰው። ውሃው ወረደ። ከዚያ በኋላ ቀኑ እንዴት እንደሄደ ሁለቱም አላወቁትም። እማማ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ እሱ ወፍጮውን በጣት ስፋት ይገፋል፤ ቀርከሃውን ያነሳል፤ ጠጠር ያስገባል፤ ጠጠር ያወጣል።

«ወፈረ።»

«አሁንስ?»

«ቸኮለ። ደምሌ እንዲህ አይቸኩልም ነበር።»

ስለ ውሃው ይሁን ስለ ባላቸው እንደሚናገሩ አይለይም። ይታየውም አልጠየቀም። ልቡ ውስጥ ያለውን ያንን የመጀመሪያውን ድምፅ፣ ሹክሹክታውን፣ ጉርምርምታውን፣ ተነጥላ የምትወርደውን ጠብታ፣ አንድ በአንድ ይፈልጋቸዋል። ሹክሹክታው መጣ። ጉርምርምታው በወፍጮው ሆድ ውስጥ መጣ። ጠብታዋ ግን እንቢ አለች። በመጨረሻ አንዲት የቀርከሃ ስንጥር ከጎን በኩል ዘንበል አድርጎ ሲተክል፣ ውሃው ስንጥሯ ጫፍ ላይ ተጠራቀመና ወረደ። «ጡብ።»

እማማ ዘነበች ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሰበሰቡ።

«እሱ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ቆይተው፣ በጣም ቆይተው፣

«ግን ዘመዱ ነው» አሉ።

ያን ዕለት ይታየው ጎረቤት አደረ። በነጋታው ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለ የእማማ ዘነበች በር ገና አልተከፈተም ነበር። ጎረቤቶቹ ተጨነቁ፤ እሳቸው ከወፍ በፊት የሚነሱ ሰው ናቸው። አንዷ ሄዳ በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ በሩ ተከፈተ። እማማ ዘነበች ፊታቸው በእንቅልፍ አብጦ፣ ሻሻቸው ወደ ጎን ሄዶ ብቅ አሉ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ ተሰብስባችሁ?» አሉ ፀሐይዋን በእጃቸው እየከለሉ።

ይታየው ሊሰናበታቸው ሲገባ የተቆላ ሽምብራ ሰጡትና ከፊቱ ተቀመጡ።

«በሕልሜ ደምሌ መጥቶ ነበር» አሉት።

«ምን አሉዎት?»

«ምንም አላለኝ። ወፍጮው አጠገብ ተቀምጦ ጥሬ ይቆረጥም ነበር። እኔም ምንም አላልኩት። እንዲሁ አብረን ተቀመጥን።»

ደጅ ውሃው ይወርዳል። እማማ ዘነበች ሲሰናበቱት እንደ ልጃቸው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት፤ «አፈር ስሆን፣ መንገድህን ያቅናልህ» ብለው መረቁት።

ዳገቱን ወርዶ በጤና ጣቢያው በኩል ሲያልፍ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሰማ። ሀና ከበሩ ብቅ ብላ «ሴት ናት!» አለችው፤ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነበር። ከኋላዋ አንዲት አክስት ሕፃኗን በክንዷ ይዛ በሳፋ ታጥባታለች፤ ሌላይቱ ከቧንቧው የተቀዳውን፣ ለብ ያለውን ውሃ ቀስ እያለች ታፈስላታለች። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ልቅሶዋን አቆመች፤ አፏን ከፍታ፣ ጭብጧን ፈታ፣ ዝም አለች። ይታየው በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። አጥበው፣ አድርቀው፣ በነጠላ ጠቅልለው ለእናቷ እስኪሰጧት ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ሽምብራውን እየቆረጠመ የወገዳን መንገድ ያዘ።